መርዶ ያልደረሳቸው ባልደረቦች

ባለቤቴ መምህር ስመኘው ያረፈ ጊዜ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ በወጉ ተረድቷል። ዳንግላ ያሉት እህቶቹ፣ ጫግኒ ወርዶ የሚነግደው ወንድሙ፣ አብረውት የተማሩ ጓደኞቹ፣ ሁሉም ሽማግሌ ተልኮላቸው፣ ጎረቤት በራፋቸው ላይ ተሰብስቦ እንደ አገሩ ደንብ ሰምተዋል። ሳይረዱ የቀሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የሚኖሩበትን አገር እኔ ካርታ ላይ የማገኘው ብዙ ፈልጌ ነው። ሽማግሌ አይላክባቸው ነገር ሩቅ ናቸው፤ ጎረቤታቸውን ቀስቅሶ አብሮ መግባት አይቻል።

ሊያርፍ ሰሞን፣ ትንፋሹ እያጠረው፣ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበው ይኸው ነበር። ስለ ልጆቻችን አደራ አላለኝም፤ እኔ እያለሁ ለነሱ አይሰጋም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትራሱን አስተካክዬለት ልነሣ ስል እጄን ያዘና፣

«ሰዎቹን አርጂልኝ» አለኝ። «ስመኘው ዝም ብሎ ጠፋ እንዳይሉ።»

የትኞቹን ሰዎች ብዬ አልጠየቅሁትም። አውቃቸዋለሁ።

ስመኘው እንጅባራ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር ነበር። እኔም እዚያው የታችኛውን ክፍል አስተምራለሁ። ከግቢው ጀርባ፣ ከቀርከሃው አጥር ጥግ ያለችው ክፍል የእሱ ነበረች። ልጆቹ ከከተማውም ከሩቅ ገጠርም ይመጣሉ። ብዙዎቹ ወላጆች አዊኛ ነው የሚናገሩት፤ ልጁ ግን አዊኛውንም አማርኛውንም ሳይሰማ፣ የእናቱን ስም እንኳ ሳያውቅ አድጎ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው። ለእንዲህ ያለው ልጅ የመጀመሪያውን ቃል በእጁ የሚሰጠው ስመኘው ነበር። አዲስ ልጅ «ውኃ» ማለትን የያዘ ቀን ስመኘው ቤት ሲገባ ከበሩ ያስታውቃል፤ ጫማውን ሳያወልቅ ይነግረኛል።

ልጆቹን የሚጠራቸው ወለሉን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ነው። ንዝረቱ በእግራቸው በኩል ይደርሳቸዋል። ይህ ልማድ ቤትም አይለቀው። እኔ ጓዳ ሆኜ፣ ስሜን መጥራት ሲችል፣ ወለሉን ይመታል። «እኔ እኮ እሰማለሁ» እለዋለሁ። «ትሰሚያለሽ ግን አትመጪም፤ እነሱ ይመጣሉ» ይላል። ሲቆጣ ደግሞ ሁለት እጆቹን ኪሱ ይከታል። ድምፁ ከፍ አይል፣ ፊቱ አይጠቁር። እጆቹ ኪሱ ከገቡ ግን ልጆቹም እኔም አርፈን እንቀመጣለን።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚጠላው አልነበረም። የሒሳቡ መምህር ሁልጊዜ አንዲት ቀልድ ነበረችው፤ «አንተማ ታድለህ፣ ልጆችህ አይንጫጩ» ይለዋል። ስመኘውም «አንድ ቀን መጥተህ ጫጫታቸውን እይ፤ በዓይን ነው የሚሰማ» ብሎ ይስቃል። አንድም ቀን የመጣ ግን የለም። ሱፐርቫይዘሩ ቢመጣ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና፣ ምን እንደተባለ ሳያውቅ፣ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብሎ ይወጣል። ስመኘውን ያደከመው ይህ «ጥሩ ነው» ነበር።

«ስሳሳት የሚያርመኝ የለም» አለኝ አንድ ቀን። «የሒሳቡ መምህር ቢሳሳት ጎኑ ሌላ የሒሳብ መምህር አለ። እኔ ብሳሳት ልጆቹን ከነስሕተቴ አሳድጌ ነው የምሸኛቸው።»

ያን ዓመት ወደ መደበኛ ክፍል ልዛወር ብሎ ማመልከቻ አስገባ። ለማንም አልነገረ። እኔም ተው አላልኩት፤ ብቸኝነቱን አይቼዋለሁ። ሥራውን የሚወድ ሰው ስለ ሥራው የሚያወራው ሰው ሲያጣ ምን እንደሚመስል እኔ ነኝ የማውቀው። እራት ላይ ሊነግረኝ ይጀምርና፣ እኔ ያልገባኝን እንደገባኝ ራሴን ስነቀንቅ ያይና፣ «ተይው በቃ» ብሎ ይተወዋል።

የማመልከቻው መልስ ሳይመጣ ስለ አካቶ ትምህርት፣ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ከሌላው ጋር ስለማስተማር፣ ለሚሰጥ ሥልጠና ተጠራ። አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ በየአገሩ ያሉ እንደሱ ያሉ መምህራንን በኢንተርኔት ሊያገናኝ ኖሯል። ከእኛ አካባቢ እሱ ተመረጠ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በስልክ መልክ ለመልክ ይገናኛሉ። የምታስተባብራቸው ሄለና የምትባል ከሰሜን አውሮፓ የሆነች ሴት ነበረች። ከኬንያ ዋምቡይ፣ ከኔፓል ሱኒታ የሚባሉ መምህራን አሉ። ሌሎችም ይገቡ ነበር፤ በቤታችን ስማቸው የሚነሣው ግን እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ለመጀመሪያው ቅዳሜ ኮቱን ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ነው የተቀመጠው። ዝናብ ጣለ። የእንጅባራ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። የሱኒታም አገር ተራራ ነውና ኔትወርኳ ከእኛው አይሻልም። ድምፁ ሲጠፋ የሌላው ሰው ስብሰባ ይቋረጣል፤ የነሱ ግን አልተቋረጠም። የኔፓልና የእኛ የምልክት ቋንቋ አንድ አይደለም፤ ቢሆንም ሁለቱም በእጅና በፊት መግባባት የለመዱ ናቸው። እሷ ታሳያለች፣ እሱ ይመልሳል፤ ሄለና ድምፅ አይሰማኝም እያለች ትጽፋለች፤ ሁለቱ ይሳሳቃሉ። ስመኘው ስለ ሥራው ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ሲያስተምር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ እንዲልክ ተባለ። የእሱን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። የእንጅባራ ጠዋት አጥንት ይሰብራል። ስመኘው ልጆቹ ፀሐይ እንዲሞቃቸው ብሎ ወንበሮቹን ሁሉ ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር የሚያስቀምጣቸው፤ እሱ መስኮቱን ከኋላው አድርጎ ፊታቸው ይቆማል። ወላጆችም ርእሰ መምህሩም ያመሰገኑት ነገር ነበር፤ ለልጆቹ አሳቢ ነው አሰኝቶታል።

ሱኒታ ቪዲዮውን አይታ ስትጨርስ ይቅርታ ጠይቃ አንድ ነገር አለችው። ብርሃኑ ከኋላህ ነው፤ ልጆቹ ፊትህንና እጅህን ጥላ አድርገው ነው የሚያዩት፤ ዓይናቸውን የሚያጨነቁሩት፣ ገና በጠዋቱ የሚደክማቸውም ለዚህ ይሆናል አለችው። ተቀየማት ብዬ እጆቹን አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

ስልኩን ዘግቶ ወደኔ መጣ። «ተሳስቼ ነው የኖርኩት» አለኝ። ፊቱ ግን የምሥራች የሰማ ሰው ፊት ነበር። «አየሽ? ኔፓል ሆና አይታ አረመችኝ።»

ሰኞ ወንበሮቹን አዞረ። ልጆቹ ፀሐይዋን በጀርባቸው እየሞቁ እሱን በደንብ ማየት ጀመሩ። በዚያው ሳምንት ሄዶ ማመልከቻውን ሳበ።

ሌላ የማልረሳው ቀን አለ። አንድ ቅዳሜ ዋምቡይ ፊቷ አብጦ ገባች። እናቷ በሳምንቱ ውስጥ ሞተውባት ኖሯል። የዕለቱ ተረኛ እሷ ስለነበረች፣ የምታቀርበውን ባለማዘጋጀቷ ይቅርታ ጠየቀች። ሄለና በጣም አዝናለሁ አለቻትና ወደሚቀጥለው ርእስ አለፈች። ክፋት አልነበረባትም፤ የተሰጣትን ሰዓት ነው የምትጠብቀው።

እኔ ጓዳ ነበርኩ። ወለሉ ሲመታ ሰማሁ። ብቅ ስል እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

«ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ነይ» አለኝ።

«ማን ሞተ?»

«የዋምቡይ እናት።»

ነጠላዬን አዘቅዝቄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ፣ በዚያ ቀስ በሚል እንግሊዝኛው፣ ዛሬ ስብሰባ የለም አለ። በእኛ አገር የባልደረባ እናት ስትሞት ሰው ይሄዳል፤ እኛ ኬንያ መሄድ አንችልም፤ ስለዚህ እዚሁ እንቀመጣለን አለ። ሄለና ግራ ገብቷት ወረቀቷን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ በኋላ ሁለቱንም ተወቻቸው። ሱኒታ ራሷ ላይ ሻሽ ጣል አደረገች። ዋምቡይ አለቀሰች። ከቀብሩ ጀምሮ ሰው ሳስተናግድ ለማልቀስ ጊዜ አላገኘሁም ነበር አለች። እናቷ ምን ዓይነት ሴት እንደነበሩ ነገረችን፤ የስብሰባው ሰዓት አልቆም አልተነሣንም።

ከዚያ ወዲህ የነሱ ስብሰባ የሚጀምረው የቀረው ማነው፣ ምን ሆኖ ቀረ ብሎ በመጠየቅ ሆነ። ስመኘው «ሥራ ይጠብቃል፤ ለቅሶ ግን ያመልጣል» ይል ነበር።

ይህ ወሬ ሰፈር ገባ። የእድራችን ዳኛ አያ ምናሉ ለወሬ የማይቸግራቸው፣ ተረበኛ ሽማግሌ ናቸው። እድር የተሰበሰበ ቀን ሰው ሁሉ ባለበት ያዙት።

«ስመኘው፣ ሁለተኛ እድር ገባህ አሉ?»

«ገባሁ፣ አያ ምናሉ።»

«እስቲ ንገረኝ፤ አንተ የሞትህ ቀን እነዚያ ፈረንጆችህ ድንኳን ይተክላሉ? አፈር ያለብሱሃል?»

ሰው ሳቀ። ስመኘውም አብሮ ሳቀና፣ «ለድንኳኑማ እናንተ አላችሁልኝ» አለ። «እነሱ ልጆችህ ምን ተማሩ ብለው ይጠይቁኛል። እርስዎ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

አያ ምናሉ ጢማቸውን አሻሹ። «እሱንስ አላውቅበትም» አሉ።

እውነቱን ለመናገር የአያ ምናሉ ተረብ ከልቤ አልወጣም። ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ስልኩ ሲዘጋ አብሮ የሚጠፋ ሰው ነው እል ነበር። ሄለና የፕሮጀክቱ ዘመን ማለቁን ጽፋ፣ አመስግና፣ የምስክር ወረቀት የላከችላቸው ጊዜ ይኸውና አልኩ በልቤ። ስመኘው ግን መልእክቷን ደግሞ ደጋግሞ አነበበና «አለቀ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ። ማኅበር የሚጠጣ ሰው ነው፤ ማኅበር ሲያልቅ አይቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ቅዳሜ እንደ ልማዱ ኮቱን ለብሶ ተቀመጠ። የድሮው ሊንክ አልሠራም። ትንሽ ቆይቶ ዋምቡይ ራሷ የከፈተችውን ሌላ ሊንክ ላከች። ሱኒታ ገባች። በመጨረሻ ሄለና፣ ያለ ደመወዝ፣ የቤት ልብሷን እንደለበሰች ገባች።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈትና ሳምንት ይዘጋል። የስልክ ዳታ ጭራሹን ጠፋ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ሲሆን ስመኘው ስልኩን አንሥቶ ያየዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። በዚሁ መሃል ታመመ። ልብ ነው አሉን። የተቻለው ሁሉ ተደረገለት። ሰዎቹን አርጂልኝ ያለኝ በእነዚያ ቀናት ነው። ዝናቡ ሳያባራ ቀበርነው።

አርባው ካለፈ በኋላ መንገዱ ሳይዘጋ መዋል ጀመረ። ዳንግላ አንድ ቢሮ ውስጥ የመስመር ኢንተርኔት እንደሚሠራ የስመኘው እህት ላከችብኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ንግግሩን ብቻ አልነበረም የፈራሁት። ነግሬያቸው «በጣም አዝናለሁ» ብለው ወደሚቀጥለው ርእስ ቢያልፉስ? ስመኘው ዕድሜውን ሙሉ ባልደረባ ተርቦ ኖሮ፣ በመጨረሻ አገኘሁ ብሎ የሞተው በውሸት ቢሆንስ? ሳላረዳቸው ብቀር ይህን ሳላውቅ እኖራለሁ፤ ሳላውቅ መኖሩ ቀሎ ታየኝ። ነገር ግን አደራ ነው። አያ ምናሉን ላማክር ሄድኩ።

«ባለሐዘን አታረዳም፣ እታለም» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሽማግሌ ከየት ላምጣ?»

ብዙ አሰቡ። «እንግዲያ እኔ በአማርኛ አረዳለሁ፤ አንቺ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሺዋለሽ» አሉ።

ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ መናኸሪያ ስደርስ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ቀድመውኛል። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ዳንግላ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ አያ ምናሉን ዝም ብለው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

በቢሮው ውስጥ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩትና ዋምቡይ የላከችውን ሊንክ ነካሁ። ስልኩ የስመኘው ነው። የሚገባውም በስሙ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር። ምስሉ ሳይመጣ ድምፅ መጣ። «ስመኘው! ስመኘው!» ይላሉ። ፊታቸው ብቅ ሲል ሁሉም ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጣታቸውን ያርገፈግፋሉ፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚያጨበጭቡት እንዲያ ነው። በየወሩ ስሙን እየጠሩ፣ ወሬውን የሰማ አለ ወይ እየተባባሉ መክረማቸውን በኋላ ነገሩኝ። ያን ሰዓት መጣ ብለው ነው ደስ ያላቸው።

ከዚያ የኔ ምስል ደረሳቸው። ጥቁር ልብሴን አዩ። እጆቻቸው አንድ ባንድ ወረዱ።

አያ ምናሉ ተነሥተው ቆሙ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆቼ» አሉ። «አገራችሁን አላውቀውም። ስማችሁን ግን ከሱ አፍ ሰምቻለሁ። ሰው ሆኖ የማይሄድ የለም። ወንድማችሁ ስመኘው ሄዷል። በወጉ ቀብረነዋል፤ በዚህ በኩል አትዘኑ። እስከ ዛሬ ያልነገርናችሁ ንቀናችሁ አይደለም፤ መንገድ አጥተን ነው።»

ልመልሰው አፌን ስከፍት ሱኒታ መዳፏን ወደኔ አነሣች። ተይው፣ ገብቶናል ማለቷ ነው። ዋምቡይ ደረቷን ይዛ ጮኸች፤ ልክ እንደኛ አገር ሴት ነው የጮኸችው። ሄለና ምስሏን አጠፋች፤ መልሳ ስታበራው ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ዋምቡይ ሽማግሌውን እያየች «ምናሉ?» አለች። አያ ምናሉ ስማቸውን ሲሰሙ ደነገጡ። ስመኘው የሳቸውን ተረብ ሁሉ እየተረጎመ ሲነግራቸው ኖሯል፤ የድንኳኑን ጥያቄ ሳይቀር ያውቁታል። ያውቁዎታል አልኳቸው። «ምን ብሎ አማኝ?» አሉና፣ መልሴን ሳይጠብቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ሱኒታ ጠየቀች። ልጆቹስ?

እንዳለ ነገርኳቸው። ተተኪ መምህር አልመጣም። ክፍሏ ተቆልፋለች። የከተማው ልጆች መደበኛው ክፍል ገብተው ከኋላ ይቀመጣሉ፤ መምህሩ የሚለውን አያውቁም። የገጠሮቹ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ አንዷን ገበያ ላይ ከአባቷ ጋር ከሰል ስትሸጥ አይቻታለሁ። በእጇ ጠየቀችኝ፤ መምህሬ የት ሄደ እንዳለችኝ ገባኝ፤ መመለሱን ግን አላወቅሁበትም።

ሱኒታ በመርዶው አልጮኸችም ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም እስከዚያ ድረስ ያላለቀስኩትን ለቅሶ አለቀስኩ። በድንኳናችን ስለ ባልነቱ ተለቅሷል፤ ስለ አባትነቱ፣ ስለ ደግነቱ፣ ስለ ጉርብትናው ሙሾ ወርዷል። ለመምህሩ ያለቀሰለት ሰው አልነበረም። ምን እንደጎደለ የሚያውቁት እነዚህ ነበሩ። እሱ እራት ላይ ጀምሮ «ተይው» ያለኝን ነገር ሁሉ እነሱ ጋ ጨርሶት ኖሯል። ያን ቀን አንዱ አንዱን እየቀደመ ነገሩኝ። ወንበሩን ያዞረለት ልጅ፣ ስሙን መጻፍ የቻለው፣ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለት ትምህርት፤ በእንግሊዝኛ ነበር፣ ግማሹን ነው የያዝኩት።

ጥበቃው በሩ ላይ መጥቶ ቢሮው ሊዘጋ ነው አለን። ነገርኳቸው። እሺ አሉ። ማንም ግን አልወጣም። እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ቀድሞ መውጣት ሁሉንም ነውር ሆኖባቸዋል። ጥበቃው ቁልፉን እያንቀጫቀለ ይጠብቃል። በእኛ አገር ተነሥቶ የሚሄደው ለቀስተኛው ነው፤ ባለሐዘኗ እቤቷ ትቀራለች። ያን ቀን ግን ተነሥቼ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። በአማርኛ ነው ያልኩት። ስልኩን ስዘጋው እነሱ እዚያው ተቀምጠው ነበር።